ኦይስተር ያለ መከላከያ የተፈጠረ እንስሳ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኦይስተር በሽታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ኦይስተር ከባሕር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳ ነው። ቋንቋው ያምራል፤ ብዙ ሰውም ተቀባብሎታል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኦይስተርና ሌሎች ባለ ዛጎል እንስሳት እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ጀርም ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) አያመርቱም፤ ስለዚህ በሽታ የሚከላከሉበት ነገር የላቸውም። ብዙ የመከላከያ ጂን ተገኘባቸው መባሉም ከንቱ ነው፤ የተደጋገመ ቅጂ እንጂ ሥራ የለውም። ለዚህም ነው አንድ ቫይረስ ሲመጣ በሚሊዮን የሚያልቁት። የያዛቸውን በሽታ አያስታውሱም። ካንሰር እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባባቸዋል። ቫይረሱ የሄርፒስ ዘመድ ስለሆነ የሚበላቸውም ሰው ይጠንቀቅ። መፍትሔው ውሃው ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመር ነው።

ከነዚህ ነጥቦች በአንዱ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በቀሩት ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እንስሳው መከላከያ የለውም ብሎ የተነሳ ሰው መፍትሔውን ከእንስሳው ውጭ ይፈልጋል። መፍትሔው ያለው ግን እዚያው እንስሳው ውስጥ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ፀረ እንግዳ አካል የለም ማለት መከላከያ የለም ማለት ነው ወይ?

ኦይስተር የሚበላው ውሃ እያጣራ ነው። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ገደማ ውሃ በሰውነቱ ያሳልፋል። የባሕር ውሃ ደግሞ ባዶ አይደለም። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ ማለትም በሃያ ጠብታ ገደማ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎችና ከዚያ አሥር እጥፍ የሚሆኑ ቫይረሶች ይኖራሉ። ይህን ሁሉ ቀን ከሌት የሚያጣራ፣ ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ መሸሽ የማይችል እንስሳ መከላከያ ባይኖረው ኖሮ አንድ ሳምንትም አይከርምም። እሱ ግን ዓመታት ይኖራል። ዘሩ ደግሞ ከሰው ልጅ በፊት በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖሯል። ይህን ዕድል ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት መንጋጋ ያላቸው ባለ አከርካሪዎች ብቻ ናቸው፦ ዓሦች፣ እንቁራሪቶች፣ ወፎች፣ እኛም ጭምር። ከዓለም የእንስሳት ዝርያ ከመቶ ዘጠና አምስቱና ከዚያም በላይ አከርካሪ የለውም፤ ያለዚህ መሣሪያም ይኖራል። ንብም፣ ሸረሪትም፣ ቀንድ አውጣም እንደዚሁ። ታዲያ ሁሉም መከላከያ አልባ ናቸው ልንል ነው?

ኦይስተር ያለው መከላከያ ሲወለድ ይዞት የመጣው ነው። ዋናዎቹ ዘበኞች ሄሞሳይት የሚባሉት የደም ህዋሶች ናቸው። የኦይስተር ደም እንደ እኛ በተዘጋ ቧንቧ ብቻ አይዞርም። በየሥጋው መሐል ይፈስሳል፤ ዘበኞቹም የትም ይደርሳሉ። ዛጎሉን ከሚዘጋው ጡንቻ በመርፌ አንድ ጠብታ ተወስዶ መስታወት ላይ ሲደረግ ነገሩ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ህዋሶቹ ድቡልቡል ሆነው ይንሳፈፋሉ። በደቂቃዎች ውስጥ መስታወቱን ይይዙታል። ጠርዛቸው ይሳሳል፣ ይዘረጋል፤ እንደ ጣት ያለ ነገር ወደዚህም ወደዚያም ይልካሉ። ባክቴሪያ ሲያገኙ ከበው ይውጡትና ውስጣቸው ይፈጩታል። ይህን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው መከላከያ የለውም ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

ጸሐፊው ይህን ዓይነቱን መከላከያ «ኋላ ቀር» ይሉታል። እኔ ደግሞ ሕክምና ስለ ራሳችን ሰውነት ያወቀው ከእነዚሁ «ኋላ ቀር» እንስሳት መሆኑን ላስታውሳቸው። ሳይንቲስቱ ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1882 በጣሊያኗ ሜሲና ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ወጋ። በማግስቱ ህዋሶች እሾሁን ከበውት አገኘ። ህዋስ ወራሪን ይውጣል የሚለው እውቀት ከዚያ ተነሳ። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የቶል ጂን ነገርም እንዲሁ ነው። ለመከላከያ እንደሚያገለግል የታወቀው መጀመሪያ በትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው። ተመሳሳዩ ሰው ውስጥ ከዚያ በኋላ ተገኘ። ለዚህ ሥራ ጁልስ ሆፍማን በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። እኛም ፀረ እንግዳ አካላችን እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። እስከዚያ የሚያቆየን ከነዚህ እንስሳት ጋር የምንጋራው መከላከያ ነው።

ወደ ጂኖቹ ልሂድ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

የፓስፊክ ኦይስተር ሙሉ ዘረ መል በ2012 ታተመ። ወደ 28 ሺህ ጂኖች ተገኙ። ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው አንዳንዶቹ የጂን ቤተሰቦች መስፋታቸው ነው። ሰው አሥር የቶል ዓይነት ተቀባዮች አሉት፤ ኦይስተሩ 83 አለው። እነዚህ ተቀባዮች የመጣው እንግዳ ጀርም መሆኑን ለይተው ደወል የሚደውሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ከባክቴሪያ ገላ ላይ ተለጥፎ «ይኸውላችሁ» ብሎ የሚጠቁም ሲ1ኪው የሚባል የፕሮቲን ክፍል አለ። ይህን ክፍል የያዙ ጂኖች ሰው ውስጥ ሠላሳ ገደማ ሲሆኑ ኦይስተሩ ውስጥ ከ300 በላይ ናቸው። ህዋስ ራሱን እንዳይገድል የሚቆጣጠሩ ጂኖች ሰው 8፣ ኦይስተር 48 አላቸው። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር አይደለም። ቫይረስ የገባበት ህዋስ ራሱን ገድሎ ቫይረሱን ይዞት ይሞታል፣ ወይም ታግሶ ይኖራል። መቼ የትኛው እንደሚሻል መወሰን ራሱ መከላከያ ነው።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ የተደጋገመ ቅጂ ነው ብለው አለፉት። በከፊል እረዳቸዋለሁ። ጂን በእርግጥ የሚበዛው እየተገለበጠ ነው፤ የተገለበጠ ሁሉም በሽታ ለመከላከል አይውልም። ለምሳሌ ከሙቀት የሚጠብቁት የኤችኤስፒ 70 ጂኖች ኦይስተር ውስጥ 88 ሲሆኑ ሰው ውስጥ 17 ገደማ ናቸው። እነሱ በዋናነት ያሉት ለሙቀት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ፀሐይ ላይ የቀረ ኦይስተር እስከ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ብቻ እየጠቀሱ «ኦይስተር ከሰው የተሻለ መከላከያ አለው» የሚሉም ተሳስተዋል።

ግን ቅጂ ማለት አንድ ዓይነት ማለት አይደለም። የተገለበጠው ጂን ከጊዜ በኋላ ከወንድሙ ይለያል። አንዱ አንጀት ላይ ይሠራል፣ ሌላው ጊል በሚባለው መተንፈሻ ላይ። አንዱ ባክቴሪያ ሲመጣ ይነሳል፣ ሌላው ጨው ሲቀንስ። እኛ ጥቂት ጂኖችን እየቆራረጥንና እየቀጣጠልን ስፍር ቁጥር የሌለው ፀረ እንግዳ አካል እንሠራለን። ኦይስተር ያንን አያደርግም። ስለዚህ ልዩነቱን አስቀድሞ ጂኑ ላይ ጽፎ ይዞታል። ተመሳሳዩን ችግር በሌላ መንገድ መፍታት ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ነገር አለ። ሜዲትራኒያን አካባቢ የሚገኘው መስል የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ዘረ መል በ2020 ሲታተም፣ ከጂኖቹ ሲሶ የሚሆኑት በሁሉም ላይ እንደማይገኙ ታየ። አንዱ መስል ያለው ጂን ጎረቤቱ ላይ ጭራሽ የለም። ከነዚህ ውስጥ መከላከያ ጂኖች በርክተው ይገኛሉ። እስቲ ይህን አስቡት። አንድ ድንጋይ ላይ ተደራርበው የተጣበቁ መቶ መስሎች መቶ የተለያዩ በሮች፣ መቶ የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። አንዱን የከፈተ ጀርም ቀጣዩን ለመክፈት እንደ አዲስ መጀመር አለበት። ይህን ቅጂ ብሎ መናቅ አይገባም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው ነው። ኦይስተር ቢግ ዲፌንሲን የሚባሉ ትናንሽ ፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች አሉት። እነዚህ ባክቴሪያ ሲያገኙ እርስ በርስ ይያያዙና ጥቃቅን መረብ ይሆናሉ። ባክቴሪያው መረቡ ውስጥ ይታሰርና እዚያው ይገደላል። ለየብቻቸው ትንንሽ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እዚህ በዓይን የማይታይ ልክ ላይ ሲሠራ ይታያል።

ጸሐፊው ትልቁን ማስረጃቸውን ያደረጉት እልቂቱን ነው። እውነት ነው፣ እልቂቱ አሰቃቂ ነው። በ2008 ፈረንሳይ ውስጥ አዲስ የኦይስተር ሄርፒስ ቫይረስ ዝርያ ተነስቶ ጨቅላ የፓስፊክ ኦይስተሮችን ፈጀ። ብዙ ቦታ ከግማሽ በላይ አለቁ። በ2010 አውስትራሊያ ገባ፣ በ2016 የዚያችው አገር ደሴት ታዝማኒያ ደረሰ። የታመመ ጨቅላ ኦይስተር መለየት ቀላል ነው። ጤነኛውን ነካ ሲያደርጉት ዛጎሉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። የታመመው ክፍት እንዳለ ይቀራል። ቅርጫቱን ከውሃ አውጥቶ እንደዚህ አፉን ከፍቶ የቀረ ዛጎል በመቶዎች ማየት ለአርቢ ምን ማለት እንደሆነ አልክድም።

ጥያቄው ለምን ሞቱ የሚለው ነው። መከላከያ ስለሌላቸው ነው? በ2018 የወጣ ጥናት ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ተከታትሎ ሌላ መልስ ሰጠ። ቫይረሱ ቀድሞ የሚያጠቃው ዘበኞቹን፣ ሄሞሳይቶቹን ነው። እነሱ ሲዳከሙ ፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲኖቹ ይቀንሳሉ። ያን ጊዜ ሌላ ጊዜ ብዙም የማይጎዱ ባክቴሪያዎች ደም ውስጥ ይገባሉ። ኦይስተሩን የሚገድለው ቫይረሱ ብቻውን ሳይሆን ከኋላው የገባው የባክቴሪያ መንጋ ነው። ቫይረሱ መግደል የቻለው መከላከያውን አስቀድሞ በማፍረሱ ነው። የሌለ ነገር ደግሞ አይፈርስም።

ከዚያው ጥናት ሌላም ነገር ወጣ። እኩል የተጋለጡ የኦይስተር ቤተሰቦች ውስጥ አንዳንዱ አልቋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አብዛኛው ተርፏል። የተረፉት ፀረ ቫይረስ ጂኖቻቸውን ቶሎ ቀስቅሰው ቫይረሱ ሳይባዛ ገቱት። የሞቱት ውስጥም ጂኖቹ ነበሩ፤ የተነሱት ግን ዘግይተው ነው። ልዩነቱ የሰዓታት ነው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ጂኑ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ቀድሞ መነሳት አለበት።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በ1957 በአሜሪካ ዴላዌር የባሕር ወሽመጥ ኤምኤስኤክስ የተባለ በሽታ ተነሳ። ሃፕሎስፖሪዲየም ኔልሶኒ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው የሚያመጣው። በ1959 ቼሳፒክ የተባለው ሌላ ወሽመጥ ገባ። የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ተወላጅ የሆነውን የምሥራቁን ኦይስተር አረገፈው። ያው ተሕዋስ ግን የፓስፊክ ኦይስተር ላይም ይገኛል፣ እዚያ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስም። የኦይስተር ዘር ሁሉ መከላከያ ከሌለው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ለምን ምንም አይሆንም? የፓስፊኩ ከተሕዋሱ ጋር ለረጅም ዘመን ስለተዋወቀ ነው። የምሥራቁን ግን ድንገት ደረሰበት። የሰው ልጅም አዲስ በሽታ ሲገባበት አልቆ ያውቃል፤ ያኔ ግን ሰው መከላከያ የለውም ያለ አልነበረም።

ደግሞም ዘበኛውን መጠቀሚያ ማድረግ የኦይስተር ጠላቶች ብቻ ዘዴ አይደለም። ደርሞ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ፐርኪንሰስ ማሪነስ በሄሞሳይት ከተዋጠ በኋላ አይሞትም። እዚያው ውስጥ ይባዛና በዘበኛው ጀርባ ላይ ሆኖ መላ ሰውነቱን ይዞራል። የአውሮፓን ኦይስተር ክፉኛ የጎዳው ቦናሚያ የተባለ ተሕዋስም ኑሮው ሄሞሳይት ውስጥ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በእኛ ሳንባ የሚያደርገው ከዚህ በምን ይለያል?

አያስታውሱም ስለተባለው አጠር አድርጌ እመልሳለሁ። ፀረ እንግዳ አካል የሚሰጠው ዓይነት ትዝታ የላቸውም፤ እስማማለሁ። ግን በ2013 የታተመ ሙከራ አለ። የቫይረስን ዘር የሚመስል ሰው ሠራሽ ባለ ሁለት ገመድ አርኤንኤ ኦይስተር ውስጥ ተወጋ። ከዚያ እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ብዙዎቹ ተረፉ። ቀጥለው የመጡ ጥናቶች ይህ ጥበቃ ለወራት፣ ቢያንስ ለአምስት ወር እንደሚዘልቅ አሳዩ። በ2022 ደግሞ በእጭነታቸው ከተለያዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር የተዋወቁ ኦይስተሮች ካደጉ በኋላ ቫይረሱን በተሻለ እንደሚቋቋሙ፣ ልጆቻቸውም የተወሰነ ጥቅም እንደሚወርሱ ታየ። ክትባት ተገኘ ማለቴ አይደለም። በባሕር ላይ ላለ ሚሊዮን ኦይስተር መርፌ የሚወጋ የለም። ግን «አያስታውሱም» የሚለው ቃል መታረም አለበት።

አሁን እውነት ወዳሉበት ልምጣ። ካንሰሩ። ማያ አሬናሪያ በሚባለው ክላም (ሌላ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል) ላይ የሚታየው የደም ካንሰር ከአንዱ ወደ ሌላው በባሕር ውሃ እንደሚተላለፍ በ2015 ተረጋግጧል። የካንሰሩ ህዋስ ራሱ ነው የሚጓዘው፤ ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ከተለያዩ ቦታዎች የተወሰዱት የአንድ ጥንታዊ ህዋስ ዘሮች ሆነው ተገኙ። በኋላ መስልና ኮክል የሚባለው ሌላ ዛጎል ላይም ተመሳሳይ ተገኘ። እኛ የሌላ ሰው ህዋስ ሲገባብን ለይተን እንጥላለን፤ ኩላሊት ሲቀየር ችግር የሚሆነውም ይኸው ነው። እነሱ ያ መለያ የላቸውም። ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው፣ ማለባበስ አልፈልግም። ሆኖም በውሻና ታዝማኒያን ዴቭል በሚባለው የታዝማኒያ አጥቢ አውሬም እንዲህ ዓይነት ካንሰር እንዳለ ጸሐፊው ቢጨምሩት መልካም ነበር። ሁለቱም ፀረ እንግዳ አካል አላቸው።

የሄርፒሱ ነገር ግን ሰውን ያለ ምክንያት ያስፈራል። የኦይስተሩ ቫይረስ ሰውን አይዝም። ስሙን የሰጠው የሩቅ ዝምድናው ነው፤ ለብቻው በሌላ የቫይረስ ቤተሰብ ተመድቧል። ኦይስተር ጥሬውን የሚበላ ሰው ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነው፦ ቪብሪዮ ቩልኒፊከስና ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባሉት ባክቴሪያዎች፣ እንዲሁም ሆድ የሚያውከው ኖሮቫይረስ። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው በተለይ ከመጀመሪያው ይጠንቀቅ፤ ሊገድል ይችላል። በደንብ ማብሰል ነው መድኃኒቱ። ትኩረትን ወደማይነካን ቫይረስ ወስዶ የሚነካንን መርሳት ግን አደጋ ነው።

የቀረኝ አንቲባዮቲኩ ነው። ጸሐፊው ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ያው የ2018 ጥናት ኦይስተሮቹ አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ሞት እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን ያ የተደረገው በተዘጋ ገንዳ ውስጥ፣ ባክቴሪያው በሞቱ ላይ ያለውን ድርሻ ለማወቅ ነው። ባሕር ገንዳ አይደለም። መድኃኒቱ በማዕበል ተወስዶ ይበተናል። በትንሽ መጠን የተበተነ አንቲባዮቲክ ደግሞ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያፈራል፤ ከነሱም ውስጥ ሰው የሚያሳምሙት ቪብሪዮዎች አሉ። ቫይረሱ ግን አይነካም። ዘበኞቹን እየጣለ ይቀጥላል። ሌባው እያለ የተሰበረውን መስኮት ብቻ እንደመጠገን ነው።

የሚሠራው ሌላ ነው፣ ደግሞም አዲስ አይደለም። ኤምኤስኤክስ ዴላዌርን ካረገፈ በኋላ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃሮልድ ሃስኪን የተረፉትን ኦይስተሮች ሰብስቦ ማዳቀል ጀመረ። ከትውልድ ትውልድ የሚተርፉት በዙ። ከዓመታት በኋላ የወሽመጡ የዱር ኦይስተርም ራሱ በሽታውን እየለመደ መጣ። ዛሬ በፈረንሳይ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የሄርፒስ ቫይረሱን የሚቋቋሙ ዘሮች በዚሁ መንገድ ይመረጣሉ። ይህ የሚሆነው ልዩነቱ ጂን ውስጥ ስላለና ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ነው። መከላከያ የሌለው እንስሳ ቢሆን ምን ይመረጥ ነበር?

አርቢዎች ግን አንድ ነገር ያስቸግራቸዋል። ኤምኤስኤክስን የሚቋቋም ዘር ደርሞን አይቋቋምም፤ ያ ለብቻው ምርጫ ይፈልጋል። አንዲት ኦይስተር በአንድ ጊዜ ሚሊዮን እንቁላሎች ስለምትጥል ደግሞ ከጥቂት ወላጆች ብዙ ዘር ማግኘት ቀላል ነው። በዚያው ልክ የጂን ልዩነቱ ይጠብባል። ለአንድ ቫይረስ ብለን ያንን የበር ልዩነት ካጠፋነው ለሚቀጥለው ጀርም መንገድ ጠርገን እንሰጠዋለን። ስለዚህ መፈልፈያዎች ብዙ ቤተሰብ መያዝ፣ የዱሩንም ሳይነካ መተው አለባቸው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው አንቲባዮቲኩን ትተው ስለዚህ ቢጽፉ ደስ ይለኛል፤ እኔም አነባለሁ።